የሟቾች ስምና የቤተሰብ ታሪክ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



በውጭ አገር በትንንሽ ከተሞች የሚታተሙ ጋዜጦች የሰውን ሞት ማተም ከጀመሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ሟቹ የት እንደ ተወለደ፣ ማንን እንዳገባ፣ እነማንን ትቶ እንዳለፈ በአንዲት አጭር ዐምድ ይጽፋሉ። የልጅ ልጅ ያንን አሮጌ ጋዜጣ አውጥቶ የዘሩን ሐረግ ይከታተልበታል። እኛ የጊምቢቹ ልጆች ይህንኑ ብናደርግ ምን እናገኝ ይሆን? ብለን እርስ በርሳችን ተጠያየቅን።

በአገራችን «ብርሃንና ሰላም» በ1917 ዓ.ም.፣ «አዲስ ዘመን» ደግሞ ጣልያን ከአዲስ አበባ በወጣበት በ1933 ዓ.ም. መታተም ጀመሩ። በጋዜጦቻችን ላይ ዜና ዕረፍትም የሙት ዓመት መታሰቢያም ሲወጣ ኖሯል። ነገር ግን እውነቱን እንናገር። ስማቸው የሚታተመው በአብዛኛው መኳንንት፣ ሹማምንትና የዋና ከተማው ሰዎች ነበሩ። የሶሮ ገበሬ፣ ዕድሜዋን ሙሉ እንሰት ስትፍቅ የኖረች እናት በዚያ አትገኝም። ስለዚህ ጋዜጣው የሚረዳን ከዘመዶቻችን አንዱ ወታደር ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ሄዶ በዚያው የቀረ እንደ ሆነ ነው።

እነዚያን ጋዜጦች በአዲስ አበባ፣ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መመልከት ይቻላል። ዘመኑን ሳያውቅ የሚሄድ ሰው ግን ጥራዝ ሲገልጥ ይከርማል። ሽማግሌዎቻችን ዘመንን የሚያስታውሱት በሆነው ነገር ነው። «ጣልያን ሳለ» ካሉን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. መሆኑን እንረዳለን፤ «ንጉሡ በወረዱበት ዓመት» ካሉን 1967 ነው። የተገኘው ጽሑፍ የሙት ዓመት መታሰቢያ ከሆነ ደግሞ ሰውየው ያረፈው ከአንድ ዓመት በፊት ነው።

ሁለተኛው ችግር ስም ነው። እኛ እንደ ፈረንጅ የቤተሰብ ስም የለንም። የሁለት ወንድማማች ልጆች በሁለተኛ ስማቸው አይገናኙም፤ የሚገናኙት በአያት ነው። በጥምቀት ወይም በትምህርት ቤት ስሙን የለወጠ ሰው ሲጨመርበትማ ነገሩ ይወሳሰባል። ቤት ውስጥ በአንድ ስም፣ በመዝገብ በሌላ ስም የሚጠሩ ስንት ሰዎች በመካከላችን አሉ!

መንግሥትስ አልመዘገበም ወይ? ትሉን ይሆናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ እንዲኖር ደንግጎ ነበር፤ ዳሩ ግን ያው ሕግ በመጨረሻው ላይ ሥራውን አቆየው። በአገር አቀፍ ደረጃ ምዝገባው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ 56 ዓመት አለፈ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ያረፉት አያቶቻችን የት ተጻፉ?

በዕድር መዝገብ ነው። ጥሩምባው ተነፍቶ፣ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ለቅሶው ካበቃ በኋላ የዕድሩ ጸሐፊ ቀኑን፣ የአባሉን ስም፣ ሟቹ ለአባሉ ምኑ እንደ ሆነና የተከፈለውን ገንዘብ ይጽፋል። የከተማችን ጋዜጣ ይህ ነው ብንል አልተሳሳትንም። ጉድለቱም የታወቀ ነው፤ ብዙ ጊዜ «የእገሌ ባለቤት»፣ «የእገሌ እናት» ተብሎ ይታለፋል። ገንዘቡ እስከ ሳንቲሙ ተጽፎ የሴትዮዋ ስም መቅረቱ ያስገርማል። የዚያችን እናት ስም የሚነግሩን አብረዋት ያደጉ አሮጊቶች ብቻ ናቸው፤ እነርሱም በየዓመቱ እያነሱ ሄደዋል።

ሐረግን ማወቅ ለጌጥ ብቻ አይደለም። በሀዲያ ባህል ከገዛ ጎሳ ጋር መጋባት ነውር ነው፤ ሽማግሌ ለጋብቻ ሲላክ የሁለቱ ወገኖች አባትና አያት ይጠየቃሉ። ዛሬ በከተማ የሚተዋወቁ ወጣቶች ይህን የሚጠይቁት ማንን ነው?

ከሁሉ የሚያሳዝነን ግን የአሁኑ ዘመን ነገር ነው። ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ወንድሞቻችን ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል። በዚያ ያረፈ ሰው መርዶ በስልክ ይመጣል፤ ሽማግሌዎች በማለዳ ተሰብስበው ለቤተሰቡ ያረዳሉ፤ ከዚያ በኋላ የተጻፈ ነገር ላይቀር ይችላል። ከዚያ የሚላከው ወረቀት ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ፣ ከጃንዋሪ እስከ ኦገስት ባለው 8 ዓመት፣ ከሴፕቴምበር አጋማሽ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ባለው 7 ዓመት መቀነስ ያስፈልጋል። ይህ ካልታወቀ የገዛ ወንድማችን የሞተበት ዓመት ለልጆቹ ተሳስቶ ይተላለፋል።

እንግዲህ የዕድር ጸሐፊዎች የሆናችሁ አባቶቻችን፣ አሮጌውን መዝገብ በአዲስ ደብተር ስትለውጡ አሮጌውን ወደ እሳት አትጣሉት፤ በእጅ ስልካችን ገጽ በገጽ ፎቶግራፍ እናነሣዋለን። ወላጆቻችን ሆይ፣ ዛሬ ስትወጡ ደብተር ይዘን በበሩ አጠገብ ቆመን ታገኙናላችሁ። የምንጠይቃችሁ የአያታችሁንና የቅድመ አያታችሁን ስም፣ ያረፉበትንም ዘመን ነው። የሴት አያቶቻችሁን ስም በመጀመሪያ ንገሩን።