የተለመደ ሕክምና በሚዛን ሲመዘን፤ ስለ ፕሮፌሰር ካትሪን ሜይትላንድ የምርምር ሥራ



በሕክምና ሙያ ውስጥ አንዳንድ ልማዶች ከመምህር ወደ ተማሪ ሲተላለፉ ኖረው፣ ማስረጃቸውን የሚጠይቅ ሳይገኝ እንደ ሕግ ይጸናሉ። በከባድ ኢንፌክሽን ምክንያት የደም ዝውውሩ ለተዳከመ ሕፃን ብዙ ፈሳሽ በደም ሥር በፍጥነት መስጠት ከእነዚህ አንዱ ነበር። የዚህ ንግግር ርዕስ ይህን ልማድ በአፍሪካ ሆስፒታሎች ውስጥ የመረመረው ሥራ ነው።

ካትሪን ሜይትላንድ በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ፕሮፌሰር ሲሆኑ፣ ምርምራቸውን በአብዛኛው ያካሄዱት በኬንያ የባሕር ጠረፍ በምትገኘው በኪሊፊ ነው። በከባድ ወባ፣ በሳንባ ምች ወይም በደም መመረዝ ታመው ሆስፒታል ከገቡ በኋላ ከሚሞቱት ሕፃናት ብዙዎቹ የሚሞቱት በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ነው። ስለዚህም የሐኪሙ የመጀመሪያ እርምጃ ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ የሕይወትና የሞት ጥያቄ ነው።

የልማዱ መነሻ አሳማኝ ነበር። እጅና እግር ሲቀዘቅዝ፣ የልብ ምት ሲፈጥንና ሲደክም፣ የደም ሥርን በፈሳሽ መሙላት ልብ የሚረጨውን ደም ያበዛል ተብሎ ይታመን ነበር። ነገር ግን ይህ ትምህርት የተስፋፋው የጽኑ ሕሙማን ክፍልና ሰው ሠራሽ የመተንፈሻ መሣሪያ ባላቸው አገሮች ነው።

ፊስት በሚል ስም የታወቀው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2009 በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ በሚገኙ 6 ሆስፒታሎች ተጀመረ። ከባድ ትኩሳት ያለባቸው፣ የደም ዝውውራቸው የተዳከመና ራሳቸውን የሳቱ ወይም መተንፈስ የቸገራቸው ሕፃናት በዕጣ በሦስት ተመደቡ። አንደኛው ወገን አልቡሚን፣ ሁለተኛው ሳላይን በፍጥነት ተሰጠው፤ ሦስተኛው ግን ለዕለት የሚያስፈልገውን ፈሳሽ ብቻ በዝግታ አገኘ። ፀረ ተሕዋስያን፣ የወባ መድኃኒትና ኦክሲጅን የሚያስፈልጋቸው ሁሉ አግኝተዋል።

3,600 ሕፃናትን ለማካተት የታቀደው ጥናት 3,141 ላይ እንደ ደረሰ፣ በጥር 2011 የደኅንነት ተቆጣጣሪው ኮሚቴ እንዲቆም አደረገ። በዚያው ዓመት በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት በወጣው ውጤት መሠረት፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ከአልቡሚን ወገን 10.6 በመቶ፣ ከሳላይን ወገን 10.5 በመቶ፣ ፈሳሽ በፍጥነት ካልተሰጠው ወገን ግን 7.3 በመቶ ሞቱ። ይህም ማለት በፍጥነት ፈሳሽ ከተሰጣቸው 100 ሕፃናት 3 ያህል ተጨማሪ ሞት ነው። ወባ ያለባቸውም ሆኑ የሌለባቸው ተለይተው ቢታዩ፣ ከፈሳሹ የተጠቀመ ወገን አልተገኘም።

የተጨመረው ሞት በሳንባ ውስጥ ፈሳሽ በመከማቸቱ ይሆናል ብለው የገመቱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 የቀረበው ተከታይ ትንተና ግን ለልዩነቱ ዋናው ምክንያት የልብና የደም ዝውውር መውደቅ መሆኑን አሳየ። ሕፃናቱ በመጀመሪያ የተሻላቸው ይመስል እንደ ነበር መታወቁ ደግሞ የበለጠ ያሳስባል፤ በአልጋው ዳር የቆመው ሐኪም ጉዳቱን በዓይኑ ሊለየው አይችልም ነበርና።

ውጤቱ ብርቱ ክርክር አስነሣ። ሆኖም በዛምቢያ በሉሳካ ከተማ ሴፕሲስና የደም ግፊት መውረድ ባላቸው አዋቂዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሌላ ጥናት ወደዚሁ አመለከተ፤ ፈሳሽና የደም ግፊት መድኃኒት በተወሰነ ሥርዓት ከተሰጣቸው 48.1 በመቶ፣ በተለመደው አያያዝ ከቆዩት 33.0 በመቶ በሆስፒታል ሞተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ፣ የሾክ ምልክቶች ሁሉ ላልተሟሉበት ሕፃን ፈሳሽ በፍጥነት እንዳይሰጥ አሳሰበ።

ይህ ማስረጃ ግን ከወሰኑ ማለፍ የለበትም። በተቅማጥ ፈሳሽ ያለቀባቸውና በከባድ የምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት በጥናቱ አልተካተቱም፤ ውሃው ላለቀበት ሕፃን ፈሳሽ ዛሬም ሕይወት ነው። የሐኪሙ ኀላፊነት ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ነው።

በኢትዮጵያም የጽኑ ሕሙማን አልጋ በአብዛኛው በትልልቅ ሆስፒታሎች የተወሰነ በመሆኑ፣ ጉዳዩ ለእያንዳንዱ የድንገተኛ ክፍል ሐኪምና ነርስ የዕለት ተዕለት ጥያቄ ነው። የሜይትላንድ ሥራ ያረጋገጠው፣ በሌላ ስፍራ የተጻፈ የሕክምና ደንብ በሽተኛው በተኛበት አልጋ አጠገብ መመርመር እንደሚገባው፣ ይህንንም ምርምር የአፍሪካ ሆስፒታሎች በብቃት ሊያካሂዱት እንደሚችሉ ነው።