ስለ ዲጂታል መሣሪያና ስለ መምህሩ፤ ከገዳሪፍና ከጠረፉ አገር የሚገኝ ትምህርት




በዚህ የማኅበራችን መታሰቢያ ጉባኤ ላይ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ዲጂታል ቴክኖሎጂን ከትምህርት ቤት ትምህርት ጋር ስለሚያዋሕድ ብሔራዊ ስልት ነው። ርእሱ ሰፊ፥ ጊዜዬ ግን አጭር ስለ ሆነ፥ ነገሩን በአንድ አገር ላይ አስደግፌ ለመናገር መረጥሁ። ያም አገር ገዳሪፍና ከመተማ ወዲያና ወዲህ ያለው የሱዳን ጠረፍ ነው። ይህን መምረጤ ያለ ምክንያት አይደለም። በዋና ከተማ ጠረጴዛ ላይ የተቃና የሚመስል ዕቅድ ሁሉ ጠረፍ ሲደርስ እውነተኛ ጠባዩ ይገለጣል፤ መብራቱ፥ መንገዱ፥ ቋንቋውና ሰላሙ ባንድ ጊዜ የሚፈተኑት እዚያ ነውና። በንግግሬ ውስጥ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ከጐንደር ተነሥቶ በሸኸዲና በመተማ በኩል ወደ ገዳሪፍ የሚሻገር፥ 230 ሺህ ቮልት እንዲሸከም የተሠራ የኤሌክትሪክ መስመር አለ። የተዘረጋውም የኢትዮጵያን ኃይል ለሱዳን ለማድረስ ነው። እንዲህ ያለውን ብርቱ ኃይል ግን ማንም መንደር እንዳለ ሊቀበለው አይችልም። ኃይሉን ዝቅ አድርጎ ለቤት የሚያስማማ ትራንስፎርመር በመካከል ካልቆመ በቀር፥ ሽቦው በአንድ ትምህርት ቤት ጣራ አጠገብ ቢያልፍ እንኳ ለዚያ ትምህርት ቤት አንዲት አምፖል አያበራም። ብሔራዊ ስልትም እንደዚሁ ነው። ከላይ የሚያልፈው ሐሳብ ታላቅ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ለክፍሉና ለልጁ እንዲስማማ አድርጎ የሚያወርደው ሰው ከሌለ በላያችን አልፎ ይሄዳል። ይህም ሰው መምህሩ ነው። ዛሬ የምናገረው ዋና ነገር ይኸው አንድ ነው፤ የቀረው ማስረጃ ነው።

አገራችን ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለችም። በሬዲዮ ማስተማር ለዐሥርታት የለመድነው ሥራ ነው። በ2004 ደግሞ በሳተላይት የሚሰራጭ የቴሌቪዥን ትምህርት፥ ተማሪውና ወላጁ «ፕላዝማ» እያለ የሚጠራው፥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተጀመረ። ዓላማው የሚመሰገን ነበር። ብቁ የሒሳብና የሳይንስ መምህር ባልደረሰበት ወረዳ ያለው ተማሪ ከአዲስ አበባው ተማሪ ጋር እኩል ትምህርት እንዲያገኝ የታሰበ ነበርና። ነገር ግን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ ከአንድ ማእከል በአንድ ፍጥነት ይለቀቅ ነበር። ልጁ ባይገባው መምህሩ ስርጭቱን ሊያስቆመውም ሆነ ወደ ኋላ ሊመልሰው አልቻለም። ለመምህሩ የተተወለት በመግቢያና በመደምደሚያ ያለው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ሆነ። መብራት በጠፋ ዕለትም ትምህርቱ አብሮ ጠፋ። ስለዚህ መሣሪያው መምህሩን ሊያግዝ መጥቶ መምህሩን ከገዛ ክፍሉ ውስጥ ተመልካች አደረገው።

አሁን ድንበሩን ተሻግረን በገዳሪፍ በኩል የተደረገውን እንመልከት። ከ2012 ጀምሮ የሱዳን የትምህርት ሚኒስቴር፥ የአህፋድ የሴቶች ዩኒቨርሲቲና ዋር ቻይልድ የተባለው የሆላንድ የርዳታ ድርጅት ተባብረው፥ ትምህርት ቤት ለሌላቸው የገጠር ልጆች በታብሌት የሚሰጥ የሒሳብ ትምህርት አዘጋጁ። ሥራው በመጀመሪያ በጥቂት መንደሮች ተሞከረ፤ ከዚያም በነጭ ዓባይ፥ በሰሜን ኮርዶፋንና በገዳሪፍ ክፍላተ ሀገር ላሉ ተጨማሪ መንደሮች ደረሰ። ትምህርቱ የተቀረጸው በሱዳን ሥርዓተ ትምህርት መሠረት ሲሆን፥ ልጆች በሚያውቁት ቋንቋና በሚያውቁት የኑሮ ሥዕል በጨዋታ መልክ የቀረበ ነው። ሁሉም ነገር በመሣሪያው ውስጥ ስለ ተጫነ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ባትሪው የሚሞላው በፀሐይ ኃይል ነው። ልጁ ያንዱን ደረጃ ሥራ ሳይጨርስ ወደሚቀጥለው አያልፍም፤ ፈጣኑ ይቀድማል፥ ዘገምተኛውም ሳያፍር ይደግማል። ከመንደሩ የተመረጠና ለዚሁ የሠለጠነ ሰው ደግሞ አጠገባቸው ተቀምጦ ይረዳቸዋል። ውጤቱ ሲመረመር ልጆቹ በሒሳብ በግልጽ መሻሻላቸው ታየ። ሥራውም ከዚያ ወዲያ ንባብን ጨምሮ ወደ ዮርዳኖስ፥ ወደ ሊባኖስና ወደ ኡጋንዳ ደረሰ።

ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን ስናያቸው ልዩነቱ በመሣሪያው ዋጋ ወይም በዘመናዊነቱ ላይ አይደለም። የመጀመሪያው ልጁን በማሽኑ ፍጥነት አስኬደ፤ ሁለተኛው ማሽኑን በልጁ እርምጃ አስኬደ። የመጀመሪያው ከሩቅ በሚመጣ ኃይልና ስርጭት ላይ ተንጠለጠለ፤ ሁለተኛው በመንደሩ ውስጥ ባለው ፀሐይና ሰው ላይ ቆመ።

ይህ መቆም ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚያ በኋላ የደረሰው መከራ አሳየን። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦርነት ተነሣ። በዚያው ዓመት ጥቅምት የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ከትምህርት ውጭ የሆኑትን ልጆች 19 ሚሊዮን ያህል አድርጎ ቈጠረ። ገዳሪፍም ከየአቅጣጫው የሚሸሽ ሕዝብ መጠጊያ ሆነች፤ የትምህርት ቤቶቿም ክፍሎች ለተፈናቃዮች ማደሪያ ዋሉ። በየካቲት 2024 ደግሞ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ከሱዳን አብዛኛው ክፍል ተቋረጠ። እንግዲህ ትምህርቱ ሁሉ በኢንተርኔት ላይ የተመሠረተ ልጅ በዚያ ወር ምን ተማረ? በሰላሙም ጊዜ ቢሆን ክረምቱ ሲገባ የገዳሪፍ መረሬ መሬት መንገዱን ይዘጋል፤ መኪና ሳምንታት ቆሞ ይውላል። የተበላሸን መሣሪያ ወደ ከተማ ልኮ ማስጠገን ለሚቻልበት ስፍራ የተጻፈ ዕቅድ ለዚህ አገር አይሆንም።

ይህም ብቻ አይደለም። ይህ ጠረፍ ሰው ወዲህና ወዲያ የሚመላለስበት ነው። በየዓመቱ ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ ብዙ ወገኖቻችን ወደ መተማና ወደ ሑመራ፥ አልፈውም ወደ ገዳሪፍ እርሻዎች ይወርዳሉ። በኅዳር 2020 በትግራይ ጦርነት ሲነሣ ከ50 ሺህ በላይ ሕዝብ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሰደደ፤ በገዳሪፍ ክፍለ ሀገር የኡም ራኩባና የቱናይድባ መጠለያዎች ተቋቋሙለት። ኡም ራኩባ በ1980ዎቹ የረኀብ ዘመንም ኢትዮጵያውያንን ያስጠጋ ስፍራ ነው። ከ2023 ወዲህ ደግሞ ጕዞው ተገልብጦ ሱዳናውያን ልጆች በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገሩ። ከእነዚህ ልጆች እያንዳንዱ ሦስት ጥያቄ ይዞ ይደርሳል፦ በየትኛው አገር ሥርዓተ ትምህርት እማራለሁ? በየትኛው ቋንቋ? ከዚህ በፊት የተማርሁትንስ ማን ያምንልኛል? የሁለቱም አገሮች ብሔራዊ ስልት በድንበሩ ድንጋይ ላይ ያበቃል፤ ልጁ ግን ከድንበሩ አልፎ ይሄዳል።

አገሮቻችን የምሥራቅ አፍሪካ በይነ መንግሥታት ድርጅት አባላት ሆነው በታኅሣሥ 2017 በጅቡቲ ስለ ስደተኞች ትምህርት ባወጡት መግለጫ፥ ስደተኛውን ልጅ በብሔራዊው የትምህርት ሥርዓት ውስጥ ለማስገባት ቃል ገብተዋል። ለዚህ ቃል ፍጻሜ ዲጂታል መሣሪያ እውነተኛ ጥቅም ሊሰጥ የሚችለው አንዱ ቦታ ይህ ይመስለኛል። የምስክር ወረቀት በእሳት ይቃጠላል፥ በወንዝ ማዶም ይቀራል። በአግባቡ የተጠበቀ የትምህርት መዝገብ ግን ልጁ በደረሰበት ሊገኝ ይችላል። አንድ ታብሌትም የአማርኛውን፥ የትግርኛውንና የዐረብኛውን መጽሐፍ ባንድነት ሊሸከም ይችላል፤ አንድ የመጽሐፍ መደርደሪያ ይህን ለማድረግ በየጊዜው መኪና መጫን ይፈልጋል።

አሁን ወደ አገራችን ስልት እመለሳለሁ። «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው ስልት በ2020 በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸደቀ። የትምህርት ሚኒስቴርም ከ2023 እስከ 2028 የሚያገለግል የዲጂታል ትምህርት ስልት አወጣ። ስልት መኖሩ መልካም ነው። ነገር ግን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው ለዚህም ይሠራል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በታብሌት ይሰጣል ተብሎ ከታቀደ በኋላ መሣሪያዎቹ በጊዜ ሊደርሱ ስላልቻሉ፥ በመጋቢት 2021 ፈተናው በወረቀት ተሰጠ። በ2024 ግን ነገሩ ቀስ ተብሎ፥ አንዱ ክፍል በኮምፒዩተር ሌላው በወረቀት እየሆነ ተጀመረ፤ ተጀምሮም ቀጠለ። ከዚህ የምንማረው፥ ማሽን ከመግዛት ይልቅ ማዘጋጀት ረዥም ሥራ መሆኑን ነው።

ስለ ማዘጋጀት ስናወሳ ሱዳን ራሷ ለመምህራን አሠልጣኞች የሚሆን አሮጌ ምሳሌ አላት። በ1934 በነጭ ዓባይ ዳር በዱዌም አጠገብ የተቋቋመው የባኽት ኤር ሩዳ የመምህራን ማሠልጠኛ፥ መጽሐፍንና የመምህሩን መምሪያ አብሮ ያዘጋጅ ነበር። ያዘጋጀውንም በግቢው ባለው የልምምድ ትምህርት ቤት በእውነተኛ ልጆች ፊት ሳይሞክር ወደ አገሩ አያሠራጭም ነበር። ይህ ሥርዓት የወጣው ጠመኔና ሰሌዳ ብቻ በነበረበት ዘመን ነው፤ ለዛሬው መሣሪያ ግን ይልቁን ያስፈልጋል።

አንዳንድ ወንድሞች «ወንበርና መጽሐፍ ባልተሟላበት ትምህርት ቤት ስለ ዲጂታል መናገር ቅንጦት ነው» ይሉኛል። ይህን ተቃውሞ አልንቀውም። በፔሩ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ኮምፒዩተሮች ከማስተማሩ ዘዴ ጋር ሳይዋሐዱ ለተማሪዎች ቢታደሉ የልጆቹ ዕውቀት እንዳልተሻሻለ ዩኔስኮ በ2023 ባወጣው ሪፖርት ገልጿል። ስለዚህ ተቃዋሚው ማሽን ብቻውን አያስተምርም ቢል እውነቱን ነው። ነገር ግን መምህርና መጽሐፍ በአንድነት ሊደርሱላቸው ያልቻሉ ልጆች በገዳሪፍ መንደሮች በፀሐይ በሚሠራ መሣሪያና በአንድ የመንደር ሰው እርዳታ ሒሳብ መማራቸውም እውነት ነው። ቅንጦት የሚሆነው መሣሪያው አይደለም፤ መሣሪያውን ያለ ሰው መላክ ነው።

እንግዲህ ማኅበራችን ለሹማምንቶቻችን እንዲያቀርብ የምለምናቸው ነገሮች አራት ናቸው።

አንደኛ፤ ማናቸውም መሣሪያ ወደ አንድ ትምህርት ቤት ከመላኩ በፊት የዚያ ትምህርት ቤት መምህራን በመሣሪያው ማስተማርን በሥራ እንዲለማመዱ፤ ለመሣሪያ ከሚመደበው ገንዘብ የታወቀ እጅ ለዚህ እንዲለይ።

ሁለተኛ፤ ለጠረፍና ለገጠር የሚዘጋጅ ትምህርት ያለ ኢንተርኔትና ያለ ዋናው የመብራት መስመር እንዲሠራ፤ መምህሩም ሊያስቆመው፥ ሊደግመውና በቋንቋው ሊያስረዳው የሚችል እንዲሆን።

ሦስተኛ፤ አዲስ ትምህርት ሁሉ በመምህራን ማሠልጠኛዎች አጠገብ ባሉ ትምህርት ቤቶች አስቀድሞ እንዲሞከር፤ በየወረዳውም መሣሪያ የሚጠግን አንድ የሠለጠነ ሰው እንዲመደብ።

አራተኛ፤ ድንበር የሚሻገረው ልጅ የተማረውን የሚያስመሰክርበት መዝገብ በሁለቱ አገሮች የትምህርት ባለሥልጣኖች ስምምነት እንዲዘጋጅለት።

ከአራቱ ሁሉ የሚቀድመው የመጀመሪያው ነው፤ እርሱ ከቀረ ሦስቱ በወረቀት ይቀራሉ። በመምህራን ማሠልጠኛ የምንሠራ ሰዎችም የራሳችን ዕዳ አለብን። ዕጩ መምህር ኮምፒዩተርን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ተምሮ፥ ፈተናውንም አልፎ ሲወጣ፥ በኮምፒዩተር ክፍልፋይን ለሦስተኛ ክፍል ልጅ እንዴት እንደሚያስረዳ ካላወቀ፥ የሰጠነው ዕውቀት ገና ወደ ክፍል አልወረደም። ይህን ለማቃናት አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ በሚቀጥለው የማስተማር ልምምድ ወቅት ልንጀምረው እንችላለን።

የተከበራችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ከጐንደር ወደ ገዳሪፍ የሚሄደው መስመር ድንበሩን ያለ ይለፍ ወረቀት ይሻገራል። ዕውቀትም እንደዚያው ለመሻገር ይችላል። ነገር ግን በየመንደሩ የሚቀበለው፥ ለልጁ አቅም የሚያስማማውና የሚያድለው ሰው ይሻል። እኛን የሾመን ለዚህ ነውና፥ መሣሪያው ሲመጣ ተመልካች ሆነን እንዳንቀር ዛሬ እንዘጋጅ።

እግዚአብሔር ለሁለቱም አገሮች ልጆች ሰላምን ያውርድ።