አዲስ መኪና ለድሬዳዋ አየርና መንገድ



በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ አነስተኛ አዲስ ኤስዩቪ ከውጭ ለማስመጣት የሚያስብ የድሬዳዋ ነዋሪ የሚመርጠው በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት መካከል ነው። የዓመታት ቁጠባ የሚፈስባት መኪና ግን በውበቷ ሳይሆን በአገሩ ጠባይ ልትመዘን ይገባል።

ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። የደንገጎ ዳገት የባትሪውን ኃይል በብርቱ ይበላል፤ በቁልቁለቱ ሞተሩ ራሱ ኃይል እያመነጨ ከፊሉን ይመልሳል። ሐረር ላይ ባትሪውን ጢም አድርጎ ሞልቶ ለሚወርድ ሰው ግን የሚመለሰው ኃይል ማደሪያ አያገኝም።

ባትሪዋ ሞልቶ ፀሐይ ላይ የምትውል መኪና ፈጥና ታረጃለች፤ ስለዚህ ጥላ ያለው ማቆሚያ በድሬዳዋ ቅንጦት አይደለም።

ቁመቷም ባለቤቷን አያታልለው። ደቻቱ በበጋ ደረቅ አሸዋ ቢሆንም፣ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በአንድ ሌሊት ጎርፍ ከ200 በላይ ሕይወት አጥፍቷል። ውኃ ሲመጣ ብልህ ሾፌር ዳር ይቆማል።

እንግዲህ ገዢው ከመፈረሙ በፊት ይጠይቅ፦ በቤቱ ለኃይል መሙያ የሚበቃ መስመር አለ ወይ? ለባትሪው ዋስትና የሚሰጠው ማን ነው? ጥገናውስ እዚሁ ድሬዳዋ ይገኛል ወይ? መልስ ያላገኘ ገንዘቡን ቢያቆይ ይሻለዋል።