የፋሲካን እንቁላል በቤት ስለ ማስጌጥ



ለዛሬ የመረጥነው ርእስ ሲሰሙት የልጆች ጨዋታ ይመስላል፤ ይኸውም ለፋሲካ በዓል እንቁላልን በቤት ውስጥ በቀለም ስለ ማስጌጥ ነው። ነገር ግን በዚህ ትንሽ ሥራ ውስጥ የአንድ ሕዝብ ታሪክ ተጠብቆ የኖረበት አገር አለና፤ ጥቂት ጊዜ ብንሰጠው የሚያስቈጭ አይሆንም።

እንቁላል ከፋሲካ ጋር የተያያዘበትን ምክንያት ለእኛ ማስረዳት አያስቸግርም። እኛ በሁዳዴ 55 ቀን ሥጋና ወተት፥ ቅቤና እንቁላል እንደምንተው ሁሉ፤ የኤውሮፓ ምእመናንም በመካከለኛው ዘመን በዐቢይ ጾም እንቁላል አይበሉም ነበር። የምሥራቅ ኦርቶዶክሳውያን ሥርዓት ዛሬም ይህንኑ ያዛል። ዶሮ ግን ጾም አታውቅም። በእነርሱ አገር ብርዱ አልፎ የጸደይ ቀን ሲረዝም፤ ዶሮ አብዝታ የምትጥለው በዚያው በጾሙ ወራት ነው። ስለዚህ ፋሲካ ሲደርስ በየቤቱ ብዙ እንቁላል ተከማችቶ ይገኛል። ሕይወት የሌለው ከሚመስል ቅርፊት ውስጥ ጫጩት መውጣቷም የትንሣኤ ምሳሌ ተደርጎ ተወሰደ። ግሪኮች በጸሎተ ሐሙስ እንቁላሉን ቀይ ቀለም የሚነክሩት የክርስቶስን ደም ለማሰብ ነው። በእንግሊዝ አገርም ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1290 ዓ.ም. ለፋሲካ በወርቅና በቀለም ለሚያጌጡ 450 እንቁላሎች 18 ፔንስ ማውጣቱ በቤተ መንግሥቱ የሒሳብ መዝገብ ተጽፎ ይገኛል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።)

የእንቁላልን ቅርፊት ማስጌጥ ግን ከዚያ እጅግ የቀደመ ነው። በደቡብ አፍሪካ ዲፕክሉፍ በሚባለው ዋሻ፤ ወደ 60,000 ዓመት ገደማ የሚሆናቸው መሥመር የተቀረጸባቸው የሰጎን እንቁላል ቅርፊቶች ተገኝተዋል። በአገራችንም በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት የጉልላት መስቀል ላይ የሰጎን እንቁላል ተሰክቶ እናያለን።

በዚህ ጥበብ እጅግ ከታወቁት ሕዝቦች አንዱ የዩክሬን ሕዝብ ነው። የኦርቶዶክሳውያኑ የፋሲካ እሑድ ከእኛ ፋሲካ እሑድ ጋር በአንድ ቀን ይውላል። እነርሱም የፋሲካን እንቁላል በሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው ክራሻንካ ይባላል፤ ተቀቅሎ በአንድ ዓይነት ቀለም የተነከረና የሚበላ ነው። ሁለተኛው ፒሳንካ ሲሆን፤ ስሙ መጻፍ ከሚል ቃል የወጣ ነው። በእርግጥም ሴቶቹ እንቁላሉን «ጻፍነው» ይላሉ እንጂ «ቀባነው» አይሉም። ፒሳንካ ለጌጥ፥ ለስጦታና ለበረከት የሚቀመጥ ነው።

አሠራሩን ልብ ብላችሁ ተከተሉ። ኪስትካ የምትባል መሣሪያ አለች፤ ከላይ ሰፋ ከታች ጠበብ ያለች ትንሽ የብረት ቱቦ በእንጨት እጀታ ላይ ታስራ የተሠራች ናት። በእርሷ የንብ ሰም ይጨመርና በሻማ ነበልባል ይቀልጣል። ሠሪዋ በመጀመሪያ ነጭ ሆኖ እንዲቀር የምትፈልገውን መሥመር በነጩ እንቁላል ላይ በሰም ትስላለች፤ ከዚያም እንቁላሉን ቢጫ ቀለም ውስጥ ትነክረዋለች። ቢጫ ሆኖ እንዲቀር የምትፈልገውን ደግሞ በሰም ሸፍና ቀይ ውስጥ ትነክረዋለች፤ እንዲህ እያለች ከፈዛዛው ወደ ጠቆረው ትሄዳለች። ሰም የሸፈነው ስፍራ ቀጥሎ የሚመጣውን ቀለም አይቀበልም። ቀለሙም የቀዘቀዘ መሆን አለበት፤ የሞቀ እንደ ሆነ ሰሙን አቅልጦ ሥራውን ያበላሸዋልና። በመጨረሻ እንቁላሉ ጥቁርና በሰም የተዝረከረከ ሆኖ ሲታይ፤ በሻማው ነበልባል ጎን አስጠግታ ሰሙን እያቀለጠች በጨርቅ ትጠርገዋለች። ያን ጊዜ ተሸፍኖ የነበረው ጌጥ ሁሉ በአንድነት ይገለጣል። ሰምና ወርቅን ለሚያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ይህ ነገር እንግዳ አይደለም፤ በአንጥረኛው ዘንድ ሰሙ ቀልጦ ወርቁ እንደሚቀር፤ በዚያም ሰሙ ሲጠረግ ምሥጢሩ ይቀራል።

ይህ ጥበብ ግን ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። በ1899 ሉብኒ በተባለችው ከተማ የነበረ አንድ ቤተ መዘክር ያሰባሰባቸውን ከ2,000 የሚበልጡ ፒሳንካዎች በመጽሐፍ አሳትሞ ነበር፤ ከዚህም ሀብቱ ምን ያህል ሰፊ እንደ ነበረ እንረዳለን። በኋላ ግን ሃይማኖትን የሚቃወመው የሶቭየት መንግሥት ሥልጣን ሲይዝ፤ ልማዱ ከሃይማኖት ጋር የተያያዘ በመሆኑ በብዙ ስፍራ ተዳከመ። ሙሉ በሙሉ ያልጠፋው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፤ በካርፓትያ ተራሮች በሚኖሩት በሁጹል ሰዎች መንደር እናቶች ለልጆቻቸው ማስተማራቸውን አላቋረጡም። ሁለተኛ፤ ወደ ካናዳና ወደ አሜሪካ የተሰደዱት ቤተሰቦች ጥበቡን ይዘውት ሄዱ። በካናዳ አልበርታ ክፍለ ሀገር፤ በቬግሬቪል ከተማ በ1975 ግዙፍ የፒሳንካ ሐውልት ቆሟል። ዩክሬን በ1991 ነጻነቷን ካወጀች በኋላ ጥበቡ በአገሩ እንደገና በይፋ አንሠራራ፤ በ2000ም በኮሎሚያ ከተማ ራሱ ሕንፃው በእንቁላል ቅርጽ የተሠራ የፒሳንካ ቤተ መዘክር ተከፈተ። በየካቲት 2022 ሩስያ አገሪቱን በሰፊው ከወረረች በኋላ ሚልዮኖች ተሰደዱ። በዚሁ ጦርነት መካከል፤ በ2024፤ ዩኔስኮ ፒሳንካን በዩክሬንና በኤስቶንያ አቅራቢነት በሰው ልጅ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገባው።

የሁጹል ሽማግሌዎች የሚናገሩት ተረት አለ። አንድ ክፉ ፍጥረት በተራራ ላይ በሰንሰለት ታስሯል፤ በየዓመቱም ሎሌዎቹን እየላከ በዚያ ዓመት ስንት ፒሳንካ እንደ ተጻፈ ያስጠይቃል። ጥቂት የተጻፈ እንደ ሆነ ሰንሰለቱ ይላላል፤ ብዙ የተጻፈ እንደ ሆነ ይጠብቃል። ተረት ነው፤ ሆኖም ይህን የሚሰማ ሕፃን የእጁ ሥራ ለዓለም የሚጠቅም መሆኑን አምኖ ያድጋል።

እንግዲህ ይህን ሥራ በቤታችሁ ለመሞከር የምትወዱ ብትኖሩ፤ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በፋሲካ ዋዜማ ለዶሮ ወጡ ስንት ሽንኩርት እንደሚላጥ የምታውቁት ነው፤ የሚጣለው ደረቅ ልጣጭ ጥሩ ቀለም ነው። የአሥር ወይም የአሥራ ሁለት ሽንኩርት ልጣጭ በአንድ ሊትር ውሃ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቀቅሉና አጥልሉት፤ ሲቀዘቅዝም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ ጨምሩበት። ነጣ ያለ እንቁላል መርጣችሁ አንዲት የድንብላል ወይም የጤና አዳም ቅጠል ለጥፉበት፤ በስስ ሻሽ አጥብቃችሁ ጠቅልሉና በክር እሰሩት። ከዚያም በቀለሙ ውስጥ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀቅሉት። ሲበርድ ብትፈቱት እንደ ልጣጩ ዓይነትና ብዛት ከቢጫ እስከ ቀላ ያለ ቡናማ መልክ ይይዛል፤ የቅጠሏም ቅርጽ ነጥቶ ይታያል። ጥቂት ዘይት ቢቀባ ያበራል። ከእርድ ቢጫ፥ ከቀይ ጥቅል ጎመን ደግሞ ሰማያዊ ቀለም ይገኛል። ኮምጣጤው የሚጨመረው ቅርፊቱን በጥቂቱ በልቶ ቀለሙ እንዲይዝ ስለሚያደርግ ነው፤ ሲበዛ ግን ቅርፊቱን ይጎዳል። በሰም ለመጻፍ የሚፈልግም ኪስትካ ባያገኝ፤ ስፒል በእርሳስ ጫፍ ላይ ሰክቶ ራሷን በቀለጠ ሰም እያጠቀሰ ነጥብና ሰረዝ ሊያወጣ ይችላል።

ጥንቃቄ የሚያሻቸውን ነገሮች ግን አትርሱ። ልጆች ሻማና የቀለጠ ሰም ባለበት ስፍራ ብቻቸውን አይተዉ። ለልብስ የሚሆን ቀለም የነካው እንቁላል አይበላም። የተቀቀለ እንቁላል ሊበላ የታሰበ ከሆነ ከሁለት ሰዓት በላይ ከማቀዝቀዣ ውጭ አይቆይ፤ በማቀዝቀዣም ቢሆን በሳምንት ውስጥ ይበላ። ጥሬ እንቁላል የነካ እጅም በሳሙና ይታጠብ።

ይህን ስንል የራሳችንን ልማድ ትተን የሌላውን እንያዝ ማለታችን አይደለም። የእኛ እናቶች ከስንደዶና ከአክርማ መሶብ ሲሰፉ፤ ቀለሙን መርጠው ሐረጉን የሚያወጡት በመጽሐፍ አይተው አይደለም፤ እናታቸው አጠገብ ተቀምጠው የተማሩት ነው። የዩክሬን ሰዎች ታሪክ የሚያሳስበን ይህንኑ ነው። ቤተ መዘክር የተሠራውን ዕቃ ያስቀምጣል፤ አሠራሩን ለልጅ ማቆየት ግን የቤት ሥራ ነው። እናት ያን ዓመት «ጊዜ የለኝም» ያለች እንደ ሆነ፤ በሚመጣው ዓመት የሚጠይቃት ልጅ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ በመጪው ፋሲካ ዋዜማ እንቁላልም ይሁን መሶብ፥ ጥልፍም ይሁን ፈትል፤ የምታውቁትን አንድ ነገር ለልጃችሁ ለማሳየት አንድ ሰዓት ብትመድቡ፤ ከስጦታዎች ሁሉ የሚበልጠውን ስጦታ ሰጣችሁት ማለት ነው።