የቢላዋ ሠሪው የጋዝ ከውርና የቤቱ አየር



ከቢሮ ሥራ በኋላ የሚተርፈውን ጊዜ በእጅ ሥራ ማሳለፍ ለአእምሮ ዕረፍት፣ ለእጅም ትምህርት ነው። ከነዚህ ሥራዎች አንዱ ብረትን አግሎና ቀጥቅጦ ቢላዋ ማውጣት ነው። አንጥረኞቻችን ይህን ሲሠሩ የኖሩት በከሰልና በወናፍ ነው። ዛሬ ግን በልዩ ልዩ አገር በቤታቸው ቢላዋ የሚሠሩ ብዙ ሰዎች በፕሮፔን ጋዝ የሚነድ ከውር ያበጃሉ። ስለ አሠራሩና ስለ አተካከሉ በአጭሩ እንነግራችኋለን።

ከውሩ ሦስት ነገር ነው፤ ይኸውም ቀፎው፣ ልባሱና ማቃጠያው። ቀፎው ከሰፊ የብረት ቧንቧ ይሠራል። ያገለገለ የጋዝ ሲሊንደር መቁረጥ ግን፣ በውስጡ የቀረው ጋዝ ሊፈነዳ ስለሚችል፣ አደገኛ ነው። ውስጡ ከሴራሚክ ክር በተሠራ፣ ብርድ ልብስ በሚመስል ነገር 5 ሳንቲሜትር ያህል ይለበጣል። የዚህ ልባስ ብናኝ ሳንባን ስለሚጎዳ በላዩ እሳት የሚችል ጭቃ ይመረግበታል። ብረት ከብረት ሲጣበቅ የሚነሰነሰው ቦራክስ ቀልጦ ልባሱን እንዳይበላውም ወለሉ ላይ እሳት የሚችል ጡብ ይነጠፋል።

ማቃጠያው ወናፍ አያሻውም። ጋዙ ከጠባብ ቀዳዳ በኃይል ሲወጣ አየሩን ራሱ ስቦ ይዞት ይገባል። ይህ ዐይነቱ ማቃጠያ የሚጠራው፣ ስለ ፈሳሾች ፍሰት ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ1797 ባሳተመው በኢጣሊያዊው ሊቅ በቬንቱሪ ስም ነው። አንድ እጅ ፕሮፔን ፈጽሞ ይነድ ዘንድ 24 እጅ ያህል አየር ያስፈልገዋል። አየሩ ሲበዛ የጋለው ብረት ቅርፊት እያወጣ ይሳሳል፤ ስለዚህም ሠሪው አየሩን ጥቂት ማሳነስ ይወዳል።

እንግዲህ ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ለብረቱ የሚስማማው እሳት ለሰው አይስማማም። አየር ያነሰው እሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን፣ መልክም ሽታም የሌለውን መርዝ ያወጣል። በተዘጋ ቤት ከሰል አንድዶ መተኛት ምን እንደሚያደርስ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ይህም ያው ነው። በር ገርበብ ማድረግ ብቻ አይበቃም። ከውሩ ጎኑ ክፍት በሆነ ዳስ ሥር ይተከል፤ ከቤተ ሰቡ መኝታም ይራቅ። የመርዙ ማስጠንቀቂያ ደወል ቢገኝ በቤቱ ውስጥ ይሰቀል።

ፕሮፔን ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚከብድ፣ ቢያፈተልክ ወደ ዝቅተኛ ስፍራ ይወርዳል። ስለዚህ ከውሩ በምድር ቤት አይተከልም። መጋጠሚያዎቹን ሁሉ የሳሙና ውሃ ቀብታችሁ፣ አረፋ የሚያወጣ ካለ ሳታጠብቁ እሳት አትጫሩ። ስትለኩሱ አስቀድማችሁ እሳቱን ከከውሩ አፍ አቅርቡ፤ ጋዙን ከዚያ በኋላ ክፈቱ። ስትጨርሱም በመጀመሪያ የሲሊንደሩን ቫልቭ ዝጉ።

ክቡራን አድማጮች፤ ብረት ቢበላሽ ሌላ ብረት ይገዛል። ከውሩን ለመሥራት ከመነሣታችሁ በፊት አየር እንደ ልቡ የሚመላለስበትን ስፍራ ምረጡ፤ ስፍራው ካልተገኘም ሥራው ይቆይ።