ትምህርት ቤት በማን በዓል ይዘጋ?

(በተማሪዎች ማኅበር የንግግርና የክርክር ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)



ለዛሬ ምሽት የተሰጠኝ ርእስ ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ይመስላል። በዓል ሲደርስ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ተማሪም ደስ ይለዋል፤ ታዲያ ይህ ምን ያከራክራል የሚል አይጠፋም። እኔም ብሆን የበዓል ዕረፍት የሚጠላ ተማሪ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ይሁን እንጂ ጥያቄውን ገልብጠን፣ ትምህርት ቤት ስለሚዘጋባቸው በዓላት ሳይሆን ስለማይዘጋባቸው በዓላት ብንጠይቅ ነገሩ ይከብዳል። ደወሉ ተደውሎ የፈተናው ወረቀት በሚታደልበት ሰዓት እናትና አባቱ አዲስ ልብስ ለብሰው ወደ ጸሎት ቦታ የሚሄዱበት ልጅ ምን ያድርግ? ቢቀር ዜሮ ያገኛል። ቢመጣ ከወገኖቹ ተለይቶ ይውላል። አጠገቡ የሚቀመጡት ጓደኞቹ ግን እንዲህ ያለ ምርጫ በዕድሜያቸው አንድ ቀን እንኳ ቀርቦላቸው አያውቅም።

የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ልጅ ነው።

ነገሩ በአገራችን ረጅም ታሪክ አለው። «ሃይማኖት የግል ነው፤ አገር የጋራ ነው» የሚለውን ቃል ከአባቶቹ ያልሰማ በመካከላችን የለም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በየአጋጣሚው ይነገር የነበረ መልካም ቃል ነው። ነገር ግን ይኸው ቃል በሚነገርበት ዘመን የወጣው የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት በ126ኛው አንቀጽ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ደንግጓል። በመንግሥት የበዓላት መዝገብ ውስጥም የክርስቲያኑ በዓላት ሲገኙ ከሙስሊሙ በዓላት አንዱም አልነበረም። አገሩ የጋራ ሆኖ የቀን መቁጠሪያው ግን የግል ነበር ማለት ነው።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ወደ መቶ ሺሕ የሚገመት ሕዝብ በአዲስ አበባ ሰላማዊ ሰልፍ ወጣ። ሰልፈኞቹ ሃይማኖትና መንግሥት እንዲለያዩ፣ ሙስሊሙም ከሌላው ዜጋ ጋር እኩል እንዲታይ ሲጠይቁ፣ በዓሎቻችን የአገር በዓላት ይሁኑ የሚለውንም ጨምረው ነበር። አብረዋቸው የተሰለፉ ክርስቲያኖችም ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1967፣ ደርግ ባወጣው አዋጅ ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆኑ። ደርግን የምንከስስበት ነገር ብዙ ቢሆንም ይህን አንነፍገውም። (በበኩሌ ግን ምስጋናው ከወታደሮቹ ይልቅ ለሰልፈኞቹ የሚገባ ይመስለኛል።)

ዛሬ ሕዝባዊ ሆነው የሚከበሩት ሃይማኖታዊ በዓላት ስምንት ናቸው፤ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ስቅለትና ፋሲካ በአንድ ወገን፣ የተናገርናቸው ሦስቱ በሌላው ወገን። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ከመቶው ኦርቶዶክሱ 43.5፣ ሙስሊሙ 33.9፣ ፕሮቴስታንቱ 18.6 ሆኖ ተመዝግቧል። ፕሮቴስታንቱ ገናንና ፋሲካን የሚያከብረው ከኦርቶዶክሱ ጋር በአንድ ቀን ስለሆነ፣ ከሕዝቡ እጅግ የሚበዛው ታላላቅ በዓሎቹ የሚውሉት ትምህርት ቤት በተዘጋበት ቀን ነው። በዚህ ረገድ ሀብታም ነን የሚባሉ ብዙ አገሮች እኛ ከደረስንበት አልደረሱም፤ ይህን ስናገር ለመመካት አይደለም፣ እውነቱ ስለሆነ ነው።

ታዲያ ጉዳዩ አልቋል? አላለቀም። ሰንበቱን ቅዳሜ የሚያከብረው አድቬንቲስት ወንድማችን ማካካሻ ትምህርትና ፈተና ቅዳሜ ሲደረግ ምን ይላል? የሲዳማ ሕዝብ ዘመን መለወጫ የሆነው ፍቼ ጨምበላላ በ2008 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ ቀኑንም የሚወስኑት ከዋክብትን የሚያነቡ አያንቱዎች ናቸው። ከክልሉ ርቆ የሚማር የሲዳማ ልጅ ግን ያን ቀን እንደ ማንኛውም ቀን ከክፍል ይገኛል። ብዙ ነው የምንለው ኦርቶዶክሱም ቢሆን ከችግሩ አላመለጠም። ጥምቀት ጥር 11 ዝግ ነው፤ ከተራ ጥር 10 ግን ሥራ ነው። ታቦታቱ ከሰዓት በኋላ ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ፈተና ላይ የተቀመጠ ተማሪ ልቡ የት እንደሚሆን ለእናንተ አልነግርም።

እንግዲህ የሁሉም በዓል ይዘጋ እንበል? እዚህ ላይ ከአንዳንድ ጓደኞቼ ጋር እለያያለሁ። የትምህርት ቤት መዘጋት ዋጋ አለው። የቀን ሥራ የምትሠራ እናት፣ በዓሉ የእርሷ ካልሆነ፣ ልጇን የምትተውበት ቦታ ትፈልጋለች። የተማሪዎች ምገባ ባለባቸው የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ትምህርት የተዘጋበት ቀን ቁርስና ምሳም የተዘጋበት ቀን ነው። የእኔን በዓል በሌላው ልጅ ምሳ ላክብር ማለት ደግሞ ለእኔ ከበድ ይለኛል።

ሌሎች አገሮች በዚህ ነገር እንዴት እንደተጨነቁ ማየት ይጠቅማል። ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የኒው ዮርክ ከተማ ከአሜሪካ ሁሉ የሚበልጥ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ድርጅት ያላት ናት። ከአይሁድ ታላላቅ በዓላት ቀን ትምህርት ቤት መዝጋት የቆየ ልማድ ነው፤ ምክንያቱም መምህሩም ተማሪውም በብዛት ይቀር ስለነበረ ነው። የሙስሊሙ ተራ የተነሣው በፈተና ምክንያት ነው። በጃንዋሪ 2006 የግዛቱ ፈተና ከአረፋ ቀን ጋር ገጠመ። ወላጆች ተነሡ፤ የሃይማኖት አባቶችና የሠራተኛ ማኅበራት ተባበሯቸው። በ2009 የከተማው ምክር ቤት በዓላቱ ይዘጉ ብሎ በከፍተኛ ድምፅ ቢወስንም፣ ከንቲባው ብሉምበርግ ለሁሉም ከተዘጋ የሚማሩበት ቀን አይቀርም በሚል ምክንያት አልተቀበሉትም። ተተኪያቸው ደብላዝዮ በማርች 2015 ተቀበሉት፤ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር 24 ቀን ትምህርት ቤቶቹ ለመጀመሪያ ጊዜ በአረፋ ተዘጉ። ከዚያ የእስያውያን የጨረቃ አዲስ ዓመት መጣ፤ ከዚያም የሂንዱዎች ዲዋሊ በ2023 በሕግ ገባ። ያም ሆኖ የግዛቱ ሕግ በዓመት 180 የትምህርት ቀን ይፈልጋል። አንድ ቀን ሲጨመር ሌላ ቀን ከአንድ ቦታ መምጣት አለበት። ብሉምበርግ በውጤቱ ተሸነፉ እንጂ ቁጥሩን አልተሳሳቱም።

ሁለተኛው ምሳሌ ለእኛ የበለጠ ቅርብ ነው። ከዋሽንግተን አጠገብ በሜሪላንድ ግዛት ሞንትጎመሪ የሚባል አውራጃ አለ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እዚያ ስለሆነ፣ ከመካከላችን በአውራጃው ዘመድ የሌለው ሰው ጥቂት ነው። የዚያ አገር ሙስሊሞች ለአረፋ አንድ ቀን እንዲዘጋ፣ ባይሆንም በቀን መቁጠሪያው ላይ ከአይሁዱ በዓል ጎን ስሙ እንዲጻፍ ለዓመታት ጠየቁ። የትምህርት ቦርዱ በኖቬምበር 2014 ሰባት ለአንድ በሆነ ድምፅ የሰጠው መልስ ምን ነበር? የሁሉንም በዓል ስም ከቀን መቁጠሪያው ፋቀ! የክርስቲያኑም የአይሁዱም ስም ጠፋ። ትምህርት ቤቱ ግን እንደ ዱሮው በገናውም፣ በፋሲካውም፣ በአይሁድ በዓላትም ተዘጋ። የተለወጠው ወረቀቱ ብቻ ነው። አንድ ቀን የጠየቀው ወገን ቀኑን ሳያገኝ፣ የሌሎቹን ስም ያስፋቀ እየተባለ ተወቀሰ። በኋላ በሴፕቴምበር 12 ቀን 2016 የአረፋ ዕለት፣ ለመምህራን የሥራ ቀን ነው ተብሎ ተማሪዎች እንዲያርፉ ተደርጓል። የእኛ ሰዎች ልጆችም ገና በሥራ ቀን ሲውል በጃንዋሪ 7 ደብተራቸውን ይዘው ይወጣሉ።

የአሜሪካን ቦርዶች እንዲህ የሚያስጠማዝዛቸው ሕጋቸው ነው። መንግሥት ሃይማኖትን እንዳይደግፍ ሕገ መንግሥቱ ስለሚከለክል፣ ትምህርት ቤት ስለ በዓሉ ክብር ተዘጋ ማለት አይችሉም፤ ብዙ ተማሪና መምህር ስለሚቀር ተዘጋ ይላሉ። መንገዱ ብልኅ ነው፤ ስም የተፋቀውም በዚሁ መንፈስ ነው። ግን የሚያስከትለውን እንመልከት። የሚቀረው ብዙ ከሆነ ይዘጋል፤ ጥቂት ከሆነ አይዘጋም። ስለዚህ ለመቆጠር መጀመሪያ መቅረት ያስፈልጋል። ወላጁን «ልጅህን አስቀርተህ አሳየኝ፣ ከዚያ በኋላ እቆጥርልሃለሁ» ማለት አይደለምን? ዋጋውን አስቀድሞ የሚከፍለው ልጁ ነው። ጥቂት የሆነው ወገን ደግሞ የፈለገውን ያህል ቢቀር ከቁጥሩ አይደርስም። ሃምሳ ቤተ ሰብ ለዘለዓለም ሃምሳ ቤተ ሰብ ነው።

ፈረንሳዮች ከዚህ የተለየ ነገር አደረጉ። በ2003 የተሰየመው የስታዚ ኮሚሽን ዮም ኪፑርና አረፋ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ይዘጉ ብሎ አሳሰበ። ፕሬዚዳንት ሺራክ በዲሴምበር 2003 መዝጋቱን አልተቀበሉም። ነገር ግን አስቀድሞ ያስታወቀ ተማሪ በታላቅ በዓሉ ቀን ቢቀር ይቅርታ እንዳይጠየቅ፣ በዚያም ቀን ዋና ዋና ፈተና እንዳይደረግ ተናገሩ። ያ ንግግር በአብዛኛው የሚታወሰው ከሦስት ወር በኋላ የሙስሊም ሴቶች ልጆችን የራስ መሸፈኛ በትምህርት ቤት ለከለከለው ሕግ መንገድ በመጥረጉ ነው። በዚያ እኔ አልስማማም። ስለ ፈተና የተነገረው ግን በሩቅ ያለን ሰዎች ልንወስደው የሚገባ ይመስለኛል። በእስራኤልም ቤተ እስራኤሎች ይዘውት የሄዱት ሲግድ በ2008 በክኔሴት ሕግ የመንግሥት በዓል ሲሆን፣ አገሩ ሁሉ ሥራ ፈትቶ እንዲውል አልተደረገም፤ የሚያከብረው ሰው ቀኑን ወስዶ እንዲያከብር ግን መብት ተሰጥቶታል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ እኛ ሁለት ነገር አንድ ላይ እያምታታን የምንከራከር ይመስለኛል። ትምህርት ቤት መዝጋት የሕዝብ ብዛት ጉዳይ ነው፤ ክፍሉ ባዶ ከሆነ አስተማሪ ለወንበር አያስተምርም። በበዓል ቀን አለመፈተን ግን የብዛት ጉዳይ አይደለም፤ የአንድ ሰው መብት ነው። ከአንድ ሺሕ ተማሪ አንዱ ብቻ ቢሆንም ያው ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ11ኛው አንቀጽ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ሲል፣ በ27ኛው ደግሞ ማንም ሰው ሃይማኖቱን የመከተል ነፃነት አለው ይላል። ሁለቱ የሚጋጩት ሁሉን ነገር በመዝጋትና ባለመዝጋት ብቻ ለመፍታት ስንሞክር ነው።

ሰነፍ ተማሪ በየሳምንቱ በዓል እየፈጠረ ይቀራል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ከወዲያ ጥግ የሚስቁትም ይህን እያሰቡ ነው። መልሱ አጭር ነው። በሴሚስተሩ መጀመሪያ ቀኖቹን በጽሑፍ ያላስታወቀ አይጠቀምበትም፤ ያስታወቀውም ከፈተናው አይድንም፤ በሌላ ቀን ይፈተናል። ሁለተኛ ፈተና ማዘጋጀት ለመምህራን ድካም መሆኑን አልክድም። ታሞ ለቀረ ተማሪ ግን ዛሬም እየተዘጋጀ ነውና አዲስ ነገር አንጠይቅም።

የሚያስቸግረው የጨረቃ ነገር ነው። የሙስሊሙ ዓመት ከእኛ በ11 ቀን ያህል ስለሚያጥር በዓላቱ በ33 ዓመት ገደማ ወራቱን ሁሉ ይዞራሉ። በ2017 ዓ.ም. አረፋ ግንቦት 29 ቀን ዋለ፤ የፈተናው ወቅት ደጃፍ ላይ ማለት ነው። የኢድ አልፈጥር ቀን ደግሞ የሚታወቀው ጨረቃዋ ስትታይ ወይም ሳትታይ ስትቀር በዋዜማው ማታ ነው። ተማሪው ነገ ይፈተን አይፈተን ሳያውቅ መጽሐፉን በአንድ እጁ፣ ሬዲዮኑን በሌላው ይዞ ያመሻል። ዝግ መሆኑ በሕግ በተጻፈበት በዓል እንኳ ይህ ይደርሳል።

ስለዚህ ለሬጂስትራሩ የሚቀርብ አንድ ማመልከቻ አዘጋጅቻለሁ። የፈተናው መርሐ ግብር ከመባዛቱ በፊት ተማሪዎች ያስታወቋቸው የበዓል ቀኖች ሁሉ እንዲመዘገቡበት፣ በጨረቃ ለሚወሰኑት በዓላት ከፊትና ከኋላ አንድ አንድ ቀን ከፈተና ነፃ ሆኖ እንዲተው፣ የከተራ ከሰዓት በኋላና ቅዳሜ ደግሞ ማንም የግድ የሚፈተንባቸው እንዳይሆኑ ይጠይቃል። ጽሑፉን ለማኅበሩ ጸሐፊ ስላስረከብሁ በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ ይሰጥበታል። እስከዚያ ድረስ በመርሐ ግብሩ ምክንያት በዓሉ የተነካበት ተማሪ ካለ፣ ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ ቀኑንና የትምህርቱን ዓይነት ጽፎ እንዲሰጠን እለምናለሁ።