ስለ ዋቢ ጽሑፎች አመዘጋገብና ስለ ኢትዮጵያውያን ደራስያን ስም



አንድ መሐንዲስ የቅየሳ ሥራ ሲጀምር አስቀድሞ የሚፈልገው ከፍታው በትክክል የታወቀ ቋሚ ምልክት ነው። ከዚያ ምልክት የተነሣውን ልኬት ሁሉ ሌላ ባለሙያ በሌላ ዘመን መጥቶ ሊመረምረው ይችላል። በጥናታዊ ጽሑፍ መጨረሻ የሚሰፍረው የዋቢ ጽሑፎች ዝርዝርም አገልግሎቱ ይኸው ነው፤ ጸሐፊው የቆመበትን መሠረት አንባቢው ራሱ ሄዶ እንዲያይ መንገድ ያመለክተዋል። ነጥብና ነጠላ ሰረዝ የት ይግባ የሚለው ክርክር ብዙ ወጣት ተመራማሪዎችን የሚያስመሽ ቢሆንም፣ ከዚህ ዓላማ ጋር ሲተያይ ያን ያህል ክብደት የለውም። ከባዱ ስሕተት አንባቢውን ወደሌለበት ቦታ የሚልከው ነው።

ለዚህም ከመንዝ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል። ከመሐል ሜዳ ብዙ የማይርቀው የጓሳ ደጋ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት፣ ሕዝቡም ቄሮ በሚባለው ነባር ሥርዓት ሣሩንና ግጦሹን ለዘመናት ሲጠብቀው የቆየ ምድር ነው። ስለዚሁ ሥርዓት ከተጻፉት ጥናቶች ዋነኛው የዶክተር ዘለዓለም ተፈራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ከናይጅል ሊደር-ዊልያምስ ጋር «ሂዩማን ኢኮሎጂ» በተባለው መጽሔት ያወጡት ጽሑፍ ስለ ጋራ ሀብት አጠባበቅ በሚጻፉ ጥናቶች ውስጥ ሲጠቀስ ይገኛል። የሚጠቀሰው ግን «አሸናፊ እና ሊደር-ዊልያምስ» እየተባለ ነው። ጽሑፉ የወጣው በሦስት ስም ስለ ነበር፣ በአገራችን ልማድ የአያት የሆነው ሦስተኛው ስም የቤተሰብ መጠሪያ ተደርጎ ተወሰደ። እ.ኤ.አ. በ2001 ያቀረቡት የዶክትሬት ድርሳን ደግሞ በአንዱ ዝርዝር በራሳቸው ስም፣ በሌላው በአባታቸው፣ በሌላው በአያታቸው ስም ተመዝግቦ ይታያል። የአንድ ሰው ድካም የሦስት ሰዎች መሰለ ማለት ነው።

ጉዳቱ የክብር ብቻ አይደለም። ከመሐል ሜዳ ተነሥቶ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ ስለ ትውልድ አገሩ የተጻፈውን ለማንበብ ቢነሣ፣ «ዘለዓለም» በሚለው ፊደል ሥር ፈልጎ ያጣዋል፤ ካጣውም እንዳልተጻፈ ሊቆጥረውና የተጠናውን እንደገና ሊያጠና ይችላል።

የችግሩ ምንጭ የሚታወቅ ነው። በባሕር ማዶ የተዘጋጁት የአጠቃቀስ መመሪያዎች የመጨረሻው ስም የቤተሰብ ስም ነው ከሚል ግምት ይነሣሉ። ለእኛ ለመሐንዲሶች እጅግ የሚቀርበው የአይ-ትሪፕል-ኢ ሥርዓት ይልቁንም የባሰ ነው፤ የባለቤቱን ስም በአንድ ፊደል አሳጥሮ የአባቱን ወይም የአያቱን ስም በሙሉ ይጽፋል። ኢትዮጵያዊው መሐንዲስ በገዛ ሥራው ላይ አንዲት ፊደልና ነጥብ ሆኖ ይቀራል።

የኢትዮጵያ ጥናት ሊቃውንት ግን ለዚህ መፍትሔ ካበጁለት ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔትም ሆነ፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጽ የወጣው «ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካ» ኢትዮጵያዊን የሚያሰፍሩት በራሱ ስም ነው። ባሕሩ ዘውዴ በ«ባ» እንጂ በ«ዘ» ሥር አይፈለጉም፤ በስማቸውም መካከል ነጠላ ሰረዝ አይገባም። ፈረንጁን ግን በእኛ ልማድ መመዝገብ ያው ስሕተት ተገልብጦ ነው። ዶናልድ ሌቪን በ«ሌ» ሥር መሆን አለባቸው፤ በአንዳንድ የአማርኛ ጽሑፎች «ዶናልድ» ተብለው በ«ዶ» ሥር መገኘታቸው አስተካካይ መጥፋቱን ያሳያል።

የኒሁ የሌቪን ሥራ ሌላ ነገር ያስታውሰናል። እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ መንዝ ታሪክና ባህል ያሳተሙት ጽሑፍ የአገሩን ስም በላቲን ፊደል «ማንዝ» በሚያስብል አጻጻፍ ያሰፍረዋል፤ የጓሳ ጥናቶች ደግሞ «ሜንዝ» በሚያስብል ይጽፉታል። በአንዱ አጻጻፍ ብቻ የፈለገ ሌላውን ያጣዋል። በራሳችን ፊደልም ቢሆን መሐል፣ መሀል፣ መሃል እያልን እንጽፋለን። በአማርኛ ዝርዝር ውስጥ ኃይሌና ሀይሌ ተራርቀው እንዳይቀመጡ፣ ሞክሼ ፊደላትን ለቅደም ተከተል ሲባል እንደ አንድ መቁጠር፣ የደራሲውን ስም ግን ራሱ በመጽሐፉ ላይ እንዳሰፈረው መተው ይሻላል።

ስለ ዘመን አቆጣጠርም ቸል ማለት አይገባም። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. መጋቢት 4 ቀን 1975 መሆኑ ነው። የቄሮ ሥርዓት የፈረሰውም ከዚሁ ለውጥ ጋር ነው። «1967» ብቻ ተብሎ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ቢገባ፣ የማያውቅ አንባቢ ነገሩን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል። መጽሐፍ ላይ ዓመተ ምሕረት ብቻ ካለና ወሩ ካልታወቀ ደግሞ ልዩነቱ ሰባት ይሁን ስምንት አይለይም፤ ስለዚህ እንደ 1974/75 ያለ ጥምር ዓመት መጻፍ ከግምት ያድናል።

አንዳንዱ ባልደረባ ኮምፒዩተሩ ስሙን ራሱ ይገለብጠዋል ብሎ ያማርራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ማስቆም ይቻላል። በዞቴሮ የደራሲው ስም የሚሞላባቸውን ሁለት ሳጥኖች ወደ አንድ ቀይሮ «ዘለዓለም ተፈራ» ብሎ በሙሉ መጻፍ ይበቃል። በቢብቴክ ደግሞ ሙሉ ስሙ በድርብ ቅንፍ ከታጠረ ሳይከፈል ያልፋል። ደራሲውም በበኩሉ ከመጀመሪያው ጽሑፉ አንሥቶ አንድ አጻጻፍ ይምረጥ፤ በሁለት ስም ከጀመረ በሦስት አይቀጥል። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የሚሰጠውን ባለ አሥራ ስድስት አኃዝ የተመራማሪዎች መለያ፣ ኦርኪድን፣ ቢያወጣ ስሙ በየዝርዝሩ ቢለያይም ሥራዎቹ በአንድ ቁጥር ሥር ሊሰበሰቡለት ይችላሉ።